ዱቄት ወይስ አሻንጉሊት? የልጆች የበዓል ድርሻ ከቡሄ እስከ ኢስሊ

ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ፣ እኛ በናይሮቢና በሞያሌ መካከል የምንነግድ ሰዎች ዕቁባችንን ጥለን ቡና ከጠጣን በኋላ አንድ የማያልቅ ክርክር እንጀምራለን። ለበዓል ለተቸገሩ ቤተሰቦች የምናዋጣው ገንዘብ በሙሉ ዱቄትና ዘይት ይገዛበት ወይስ ከላዩ ተቀንሶ ለልጆቹ መጫወቻ ይገዛበት? ዱቄት የሚለው ወገን ሁልጊዜ ድምፁ ከፍ ይላል። የተራበ ልጅ አሻንጉሊት አይበላም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። መጫወቻ የሚለው ወገን በቁጥር ቢያንስም አይረታም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ክርክሩን ያባሰ ነገር ገጠመን። አንዲት እናት ለልጇ የተሰጣትን የፕላስቲክ መኪና ከነካርቶኗ ይዛ ተመለሰች። አልተቆጣችም። እንዲያውም እየተሽኮረመመች «ቅር አይበላችሁና፣ ይቺን በሁለት ኪሎ ዱቄት ብትለውጡልኝ» አለችን። ዱቄቱን ሰጠናት፤ መኪናዋንም ይዛ እንድትሄድ ለመንናት፤ እሷ ግን እምቢ ብላ ጥላት ሄደች። ያን ዕለት ማታ ዱቄት ባዮቹ አሸነፉ። በተከታዩ ዓመት መጫወቻ የሚባል ነገር አልተገዛም። ያቺው እናት በዚያ ዓመትም መጥታ ድርሻዋን ከወሰደች በኋላ፣ ልጇ «ዘንድሮስ ምን ይሰጡኛል?» እያለ ቀን ሲቆጥር እንደ ሰነበተ አጫወተችን። ያኔ ሁለቱም ወገን ዝም አለ።

ስለዚህ ዘንድሮ ከመጨቃጨቃችን በፊት ነገሩን ከሥሩ ለማየት አሰብን። ለልጅ በበዓል ቀን ከእንጀራ ሌላ ነገር መስጠት ከፈረንጅ የተቀዳ ልማድ ነው ወይስ የራሳችን? መጫወቻ ለድኻ ልጅ ማደል የሚባለውስ ነገር መቼ፣ በማን ተጀመረ? ያገኘነው መልስ ከጠበቅነው የተለየ ሆነ።

ከቤታችን እንነሣ። ነሐሴ 13 የሚከበረው ቡሄ ከጥንት ጀምሮ የልጆች በዓል ነው። ካህናቱ ሲተርኩት፣ በደብረ ታቦር ብርሃን በተገለጠ ጊዜ እረኞቹ ልጆች የመሸ ስላልመሰላቸው በሜዳ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ሙልሙሉም፣ ችቦውም፣ ጅራፉም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ልጆች ዱላ ይዘው በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ባለቤቷ ሙልሙል ታወጣለች። የክርስትና አባት ለልጁ ሙልሙል መስጠቱ ግዴታው ነው እንጂ ቸርነቱ አይደለም። ኋላ ላይ ሙልሙሉ በሳንቲም፣ ሳንቲሙም በብር ተተካ። የነገሩ አሠራር ግን አልተለወጠም። ልጁ አይለምንም። ይዘፍናል፣ ያሞግሳል፣ ዱላውን ይመታል፤ ድርሻውን ይወስዳል፤ መርቆም ይሄዳል።

መስከረም 1 ደግሞ የሴቶቹ ተራ ነው። አደይ አበባና እርጥብ ሣር ይዘው ይዘፍናሉ። ወንዶቹ በወረቀት ላይ አበባ፣ መልአክ፣ ፀሐይ ሥለው ለጎረቤት ያድላሉ፤ ጎረቤትም ሳንቲም ይሰጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ስጦታውን ቀድሞ የሚሰጠው ልጁ ነው። ከመካከላችን በልጅነቱ ከቀለም እስከ ወረቀት ወጪውን አስልቶ፣ የትኛው ሰፈር ስንት እንደሚከፍል አጥንቶ የዞረ አለ። የንግድ ትምህርታችንን የጀመርነው እዚያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በዋግ የሻደይ፣ በላስታ የአሸንድዬ፣ በትግራይ የአሸንዳ ልጃገረዶችም በነሐሴ እንዲሁ በቡድን ሆነው ይዞራሉ።

ገና ሲመጣ ደግሞ መጫወቻው ራሱ የበዓሉ ስም ሆነ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከዛፍ ተቆርጦ ይላጋል፤ ሩሯ ከእንጨት ትጠረባለች ወይም ከጠፍር ትሰፋለች። ሁለት ሰፈር ሜዳ ላይ ይገጥማል። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋል፤ ጌታው ቁርጭምጭሚቱን ቢመታም አይቆጣም። መጫወቻውን የሚገዛ የለም፤ የሚሰጥም የለም። ልጁ ራሱ ይሠራዋል፤ ታላቁ ያሳየዋል። ስለዚህ «ለበዓል ለልጅ መጫወቻ ማለት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉን ወንድሞቻችን ተሳስተዋል። በእኛ አገር ልጅ በበዓል ቀን ከበሰለው ምግብ ሌላ የራሱ ድርሻ ነበረው። የሌለን ነገር ቢኖር የተገዛ አሻንጉሊት ነው። ከጭቃ የተሠራ ላም፣ ከጨርቅ የተጠቀለለች ሙሽራ፣ ከሸምበቆ የተሠራ ፈረስ፣ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ የተሰፋ ኳስ ግን ያልነበረው ልጅ የለም።

እስላሙም ጋ ነገሩ ያው ነው። ከሞያሌ መስመር ነጋዴ ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሹ በላይ፣ ሙስሊም ነው፦ ቦረናው፣ ገሪው፣ ሶማሌው፣ ከቡርጂውና ከጉራጌውም ብዙው። በዒድ ጠዋት ልጅ አዲስ ልብሱን ለብሶ ዘመድ ጋ ሲዞር ሳንቲም ወይም ከረሜላ እጁ ላይ ይደረግለታል። እሱም አይለምንም። «ዒድ ሙባረክ» ብሎ ይቆማል፤ የተቀረው የአዋቂው ሥራ ነው።

ከደጅ ወደ ቤተ መንግሥት ስንሻገር ግን ስጦታው መልኩን ይለውጣል። በዕድሜ የገፉ አዲስ አበቤዎች በንጉሡ ዘመን ለገና ወደ ቤተ መንግሥት ተሰልፈው ገብተው ከጃንሆይ እጅ ሹራብ፣ ኬክና ብርቱካን እንደ ተቀበሉ ዛሬም ይተርካሉ። ሹራቡ ስንት ዓመት እንዳገለገላቸው፣ ብርቱካኑን ለታናሽ እኅት ለማድረስ በብብታቸው እንዴት እንደ ደበቁት ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። ይህን ማቃለል አይገባም። ለብዙ የድኻ ልጅ የመጀመሪያው አዲስ ልብስ ያ ነበር። ነገር ግን ከሙልሙሉ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። እዚያ ልጁ ዘፍኖ ይወስዳል፤ እዚህ እጅ ነስቶ ይቀበላል። እዚያ ሰጪዋ ነገም የምታገኘው ጎረቤቱ ናት፤ እዚህ ሰጪው የአገር ንጉሥ ነው፤ ቀኑም የሚታወሰው በሰጪው ስም ነው። ዛሬ ካሜራ ይዘን ወደ ድኻ ቤት ስንሄድ የምንወርሰው የትኛውን እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ብንጠይቅ አይከፋም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ስለ መጫወቻ የሚያወሩበት ጊዜ አልሰጡም። የ1966ቱ ረሃብ፣ አብዮቱ፣ የሶማሊያ ጦርነት፣ ቀይ ሽብር፣ የ1977ቱ ረሃብ። ወላጅ አልባ የሆነው ልጅ በዛ፤ ደርግም የጦርነት ወላጅ አልባዎችን በአላጌ ሕፃናት አምባ ሰበሰበ። በዚህ ዘመን ከተነሡት ሁሉ የእኛን የነጋዴዎቹን ልብ የሚነካው የክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ወጥተው፣ በረሃብ መካከል ከሞተች እናቷ ጎን የነበረች ሕፃን አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተሰባቸው ስላልተቀበላቸው የሞቀ ቤታቸውን ትተው ወጡ። ልጆቹን ያሳደጉት በመጀመሪያ ከማንም ለምነው አይደለም፤ ጋግረው እየሸጡ ነው። ድርጅታቸው ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤትና የሙያ ማሠልጠኛ እስከ ማካሄድ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በኮቪድ ሲያርፉ እማዬ ብሎ የሚጠራቸው ልጅ በሺህ የሚቆጠር ነበር። ዱቄት ባዮቹ የእሳቸውን ስም ሲጠሩ «መጀመሪያ ዳቦ ነው» ለማለት ነው። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ልጅ ዳቦ ብቻ የሚያስፈልገው ቢሆን ኖሮ እማዬ የሚላት ሰው ባላስፈለገውም።

በዚያው ጨለማ ዘመን ግን ለሕፃናት የተከፈተች አንዲት መስኮት ነበረች። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር አብረው የጀመሩት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሦስት መንግሥት ሲቀያየር ከዚያች ወንበር ሳይነሡ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ተረት ነገሩ። ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ በጎረቤት መስኮት ተንጠልጥሎ ያያቸው ነበር። እነሆ ደግሞ አንድ የበዓል ስጦታ፣ ዋጋውም ባዶ።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። ለችግረኛ ልጆች መጫወቻ ሰብስቦ ለበዓል ማደል በዓለም ላይ ስሙ የገነነው በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ በተጀመረው ሥራ ነው፤ አጀማመሩም ከተማ ያናወጠ ጉባኤ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1947 ዳያን ሄንድሪክስ የተባለች ሴት በእጇ የሠራችውን አሻንጉሊት ለባሏ ሰጥታ፣ ለድኻ ልጆች ለገና ለሚያድል ድርጅት እንዲያደርስላት ላከችው። ባሏ ቢል ሄንድሪክስ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ተጠባባቂ ሻለቃ ነበር። ቢፈልግ፣ ቢያስፈልግ እንዲህ ዓይነት ድርጅት አጣ። ተመልሶ ሲነግራት፣ እንግዲያው አንተው ጀምረው አለችው። በዚያው ዓመት እሱና ባልደረቦቹ 5,000 መጫወቻ ሰብስበው አደሉ። በቀጣዩ ዓመት ሥራው በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ሻለቃው በሰላማዊ ሕይወቱ የዋርነር ብራዘርስ ፊልም ኩባንያ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ስለነበር ታዋቂ ተዋንያንን ማስተባበር አላቃተውም፤ ባለ ሦስት ፉርጎ ባቡር ያለበትን ምልክት የሣለላቸው ዋልት ዲዝኒ ነው።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እስከ 1979 ድረስ ወታደሮቹ ያገለገለ መጫወቻ ይቀበሉ ነበር። የተሰበረውን ጠግነው፣ ቀለም ቀብተው ያድሉ ነበር። ከ1980 ጀምሮ ግን አዲስ እንጂ ያገለገለ አንቀበልም አሉ። ምክንያታቸው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቅዳሜና እሑድ ለወታደራዊ ልምምድ ስለ ተፈለገ መጠገኛ ጊዜ አጡ። ሁለተኛ፣ ያገለገለ መጫወቻ ልጅ ቢጎዳ በሕግ ያስጠይቃል። ሦስተኛው ግን የልብ ነገር ነው፤ የሌላ ልጅ ተራፊ መስጠት ለድኻው ልጅ የሚናገረው ነገር አለ፤ እነሱ ሊነግሩት የፈለጉት ደግሞ ያንን አልነበረም።

ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። ምክንያቱም የእኛ የመጀመሪያ መጫወቻዎች የወጡት ከጊኮምባ ነው። ጊኮምባ ገበያ ምን እንደ ሆነ ናይሮቢ ላለ ሰው አይነገርም፤ ከወዲያ ማዶ ላለው ግን እንንገር። ከአውሮፓና ከአሜሪካ በጥቅል ታስሮ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ፣ እዚህ ሚቱምባ የሚባለው፣ ጠዋት የሚፈታበት ቦታ ነው። ከልብሱና ከጫማው ጋር የመጫወቻ ጥቅልም አለ፦ አንድ ዐይኗ የጠፋ ድብ፣ ጎማው የወለቀ መኪና፣ አልፎ አልፎም ምንም ያልሆነ ውብ ነገር። ጥቅል መግዛት ሎተሪ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ይህ ዕቃ ከሞያሌ አያልፍም፤ የትም ቢዞር መጨረሻው እዚሁ ኬንያ ነው። እኛም ርካሽ ነው ብለን ገዛን፣ አጠብን፣ ሰፋን፣ አደልን። ከፋይ ብንሆን ለራሳችን ልጅ አንገዛውም የነበረውን ለሰው ልጅ ሰጠን። በሦስተኛው ዓመት ተውነው።

ግን ደግሞ ወታደሮቹ ያላሰቡት ነገር ናይሮቢ ውስጥ አለ። የተጣለን ነገር አዲስ ማድረግ እዚህ ሙያ ነው። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ፣ እዚህ ካሙኩንጂ። ጁዋ ካሊ የሚሉት፣ በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ባለሙያ ከበርሜል ምድጃ፣ ከቆርቆሮ ሣጥን ያወጣል። በካረን በኩል ኦሽን ሶል የተባለው ድርጅት ከባሕር ዳር ከተለቀመ ነጠላ ጫማ ዝሆንና ቀጭኔ ይቀርጻል። በንጆሮ ከ1998 ጀምሮ የከናና ሹራብ ሠሪ ሴቶች ራሳቸው ከፈተሉት ሱፍ የእንስሳት አሻንጉሊት ይሠራሉ። የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎትም ሚኮኖ በተባለ ሱቁ ናይሮቢ ያሉ ስደተኞች በእጃቸው የሠሩትን ይሸጣል፤ ሚኮኖ በስዋሒሊ እጆች ማለት ነው። ዳያን ሄንድሪክስም የጀመረችው በእጅ በተሠራ አሻንጉሊት ነው። ገንዘባችን ለችግረኛ ልጅ መጫወቻ ሲገዛ ለችግረኛ እናት ሥራ የሚሆንበት መንገድ እንዳለ ያየነው ዘግይተን ነው።

የኬንያ ልጆች ገና ራሱ ከእኛ የራቀ አይደለም። እዚህ የገና ስጦታ ማለት ለአብዛኛው ልጅ አዲስ ልብስ፣ ቻፓቲ፣ ሶዳና ወደ አያቶች አገር መሄድ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የአውቶቡስ ዋጋ ሲሰቀል ናይሮቢ ባዶዋን ትቀራለች። መጫወቻውን ልጁ ራሱ ይሠራል፦ ከሽቦ መኪና፣ ከቆርኪ ጎማ፣ ከፌስታል ኳስ። ፌስታሉ ተጠቅልሎ በሲባጎ ሲታሰር ከካልሲ ኳሳችን ይልቅ ይነጥራል። ኬንያ ነሐሴ 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ፌስታል ስትከለክል እኛ ያሰብነው ስለ ዕቃ ማሸጊያችን ብቻ ነበር፤ የልጆቹ የኳስ ፋብሪካ እንደ ተዘጋ ግን ማንም አላስታወሰም። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ከተማው ጸድቷል። ኳስ ግን አንድ ሰው መግዛት ነበረበት። እኛ አሁን በብዛት የምንገዛው ኳስ ነው፤ አንድ ኳስ ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለአንድ ግቢ ይበቃል፤ ባትሪም አይፈልግም።

ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ናይሮቢ ውስጥ ለምን ይቸገራል ለሚል አንባቢ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1936 እ.ኤ.አ. በኋላ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበሩን ተሻግረው ኢሲዮሎ ላይ በካምፕ ተቀምጠዋል፤ በኋላም ወደ ታቬታ ተወስደዋል። ዛሬ ሻይ ለመጠጣት የምንቆምባት ኢሲዮሎ የአያቶቻችን ስደት ከተማ ነበረች። ደርግ በ1991 ሲወድቅ ደግሞ ሌላ ማዕበል መጣ፦ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ የቀበሌ ሠራተኛው። ዋልዳ የነበረው ካምፕ ሲዘጋ ሰዉ ወደ ካኩማ ተወሰደ። ካምፑን ያልቻለው፣ ወይም ያልፈለገው፣ ወደ ናይሮቢ መጣ፤ ናይሮቢ ሲል ኢስሊ ማለቱ ነው። ኢስሊ በ1921 የተመሠረተች ሰፈር ናት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማረፊያ ክፍሎቹ ሱቅ ከሆኑ ወዲህ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ጅምላ ገበያ ሆነች። እኛን ያበለጸገችው እሷ ናት። ከፎቆቿ በስተጀርባ ግን በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ የሚኖር፣ የመኖሪያ ወረቀቱን ለማደስ የሚሰለፍ፣ በቀን ሥራ የሚያድር ወገን አለ።

በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ኡሳላማ ዎች በተባለው የፖሊስ ዘመቻ ኢስሊ በየሌሊቱ ስትፈተሽ ብዙ ስደተኞች ተይዘው በካሳራኒ ስታዲየም ታጎሩ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ለማያውቀው ሰው የሚያስመዘግብ፣ ፊቱን በካሜራ የሚያስነሣ ስደተኛ ጥቂት ነው። ይህን ሳንረዳ በመጀመሪያው ዓመት መዝገብ ይዘን ዞርን፤ ስም፣ ስልክ፣ የልጅ ብዛት። በር የከፈተልን ከግማሽ በታች ነበር። ኩራት መስሎን ታዘብናቸው፤ ፍርሃት ነበር። አሁን መዝገብ የለንም። በየሰፈሩ ቡና የሚያጣጡ ሁለት ሦስት እናቶች አሉ፤ የማን ቤት ምን እንደ ጎደለ ያውቃሉ፤ ቁጥር ብቻ ይነግሩናል፦ ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት፣ ታናሹ ሦስት ዓመቱ። ፎቶም አናነሣም። ለአዋጪ ሪፖርት ፎቶ ካልላካችሁ የሚለንን ሰው አመስግነን እንሸኛለን።

ትልቁ ለውጥ ግን እጅ ነው። ከደጅና ከቤተ መንግሥት ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ መጫወቻውን ለወላጅ ሰጥቶ ወላጅ ለልጁ እንዲሰጥ ማድረግ። ያቺ መኪናዋን የመለሰች እናት ያስተማረችን ይህን ነው። ልጇ ፊት መኪና ተሰጣት እንጂ ምን እንደሚያስፈልጋት ማንም አልጠየቃትም። አሁን ዱቄቱና ዘይቱ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ መጫወቻው ደግሞ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ፣ ልጆች በሌሉበት፣ በአንድ ክፍል ይዘረጋል፤ እናት ወይም አባት ገብቶ ራሱ ይመርጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጣ አንድ አባት ከአሻንጉሊቶቹ መካከል ግማሽ ሰዓት ቆመ። የመረጠው ትንሽ የቀለም ሣጥን ነበር። ልጅቷ ስትቀበለው ምን እንዳለች አናውቅም፤ ማወቅም የለብንም።

ስለ ዕቃውም ነጋዴ ነንና ሳንናገር አናልፍም። ከኢስሊም ሆነ ከካሙኩንጂ ሱቆች በካርቶን ስትገዙ ርካሹን አትቸኩሉበት። ክብ ትናንሽ ባትሪ ያለው፣ ክዳኑም በቡሎን ያልታሰረ መጫወቻ ለሕፃን አይሰጥም፤ ያቺ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች። ከሦስት ዓመት በታች ላለው ዐይኑ የሚነቀል ድብና ትናንሽ ቁርጥራጭ ያለው ነገር ይቅር። የሚጮኽ መጫወቻ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ለሚኖሩት ስጦታ ሳይሆን ቅጣት ነው። ፀጉራቸው ወርቅማ፣ ዐይናቸው ሰማያዊ የሆኑ አሻንጉሊቶች ብቻ የሞሉበትን ካርቶን ደግሞ ለሴት ልጆቻችን ከመግዛታችን በፊት ደጋግመን እናስብበት። ጥቁሯ አሻንጉሊት እዚህ አገር በእጅ ትሠራለች፤ ዋጋዋ ከቻይናዋ ከፍ ይላል፤ ይገባታልም።

የቀን መቁጠሪያችንም ጠቅሞናል። የፈረንጁና የኬንያው ገና ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በእነሱ አቆጣጠር 25 ላይ ይውላል፤ የእኛ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ 28፣ በእነሱ ጥር 7 ነው። በመካከል ዐሥራ ሦስት ቀን አለ። ከገናው ማግስት ናይሮቢ ያለ ሻጭ የተረፈውን መጫወቻ ለማውጣት ይቸኩላል፤ መደርደሪያው ለትምህርት ቤት ደብተርና ቦርሳ ይፈለጋል። እኛ ደግሞ በዓላችን ገና ነው። በዐሥራ ሦስቱ ቀናት የምንገዛው ዕቃ ቀደም ብለን ብንገዛ ከምናወጣው በብዙ ያንሳል። የሚተርፈውን ለዒድ እናስቀምጣለን፤ ዒድ በየዓመቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ አንዳንዴ ቅርብ ነው፣ አንዳንዴ ሩቅ፤ መጫወቻ ግን አይበሰብስም። ዱቄት ባዮቹን ያሳመናቸው ከታሪኩ ይልቅ ይህ ሒሳብ ነው፤ ነጋዴን በምን እንደምትይዘው እናውቃለን።

ሐምሌ 1990 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት መብቶች ቻርተር ሲያጸድቁ ጨዋታን ከመብቶቹ አንዱ አድርገው በዐሥራ ሁለተኛው አንቀጽ አስፍረውታል። ከመካከላችን ይህን ያነበበ አንድ ወዳጃችን «ታዲያ የቡሄ ልጆች ይህን ሳይጽፉ ያውቁት የለ!» ብሎ ሳቀ።

ዘንድሮ አንድ አዲስ ነገር ሞከርን። ኢስሊ የተወለዱት ልጆቻችን ገናን የሚያውቁት በስሙ እንጂ በዱላው አይደለም። ስለዚህ ጊኮምባ ወዳለ አናጢ ሄደን ጫፉ የቆለመመ ዱላ ሃያ፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር አራት አዘዝን፤ ግማሹ ለእርዳታው፣ ግማሹ ለራሳችን ልጆች፣ ማንም የማን እንደ ሆነ ሳይለይ አንድ ሜዳ ላይ እንዲጫወቱበት። አናጢው ሥዕሉን ወደ ላይ ወደ ታች አገላብጦ አየው። «ሆኪ ነው?» አለን። «ገና ነው» አልነው። ዋጋውን የሆኪ አደረገብን፤ ተከራክረን አስቀነስነው።